ያልተነካው ካርድ

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ደስ አይለኝም። ፕሮግራም እጽፋለሁ ስል ግማሹ ቴሌቪዥን ላይ የሚተላለፍ ይመስለዋል፣ ግማሹ ደግሞ የተበላሸ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያስታቅፈኛል። ይሄንን ግን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ለአንድ ትልቅ ሆስፒታል የታካሚ ካርድ የሚይዝ ሶፍትዌር ይሠራል፣ በጃቫ። አለቃችንን ከኋላው "ለማንኛውም" ነው የምንለው። ያለዚያች ቃል አፉ አይከፈትም፤ ሻይ ሲያዝ እንኳን "ለማንኛውም ስኳር ይኑረው" ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። አሥራ አራት ሠራተኛ ደመወዝ እንዳይቀርበት ሲጨነቅ ፀጉሩን የጨረሰ ሰው ነው።

ካርዱን የሚያነበውንና የሚጽፈውን የፕሮግራሙን ክፍል ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ሠራተኛ ካርድ ሲከፍት ከዳታቤዙ ያነብና ቅጂውን ይዞ ይጠብቃል፤ ሠራተኛው ሲዘጋው ደግሞ ቅጂውን መልሶ ዳታቤዙ ላይ ይጽፋል። ወግ ያለው ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፤ የተነካ ነገር አለ ወይ ይላል። ከሌለ ሳይጽፍ ዝም ብሎ ይዘጋል። ይህችን ጥያቄ ለማስገባት ታዲያ ካርዱ ላይ ያለው ስልሳ ምናምን መሙያ ቦታ እያንዳንዱ መነካት አለመነካቱን የሚከታተል ምልክት ይፈልጋል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ጊዜውም አጥሮን ነበር። አለቃዬ ከጀርባዬ ቆሞ "ለማንኛውም ሁሌም ይጻፍ፣ መጻፍ የገደለው ሰው የለም" አለ። እሱ ላይ ማላከክ አልፈልግም። እኔም ግልግል ብዬ ነው የተስማማሁት።

እንግዲህ ፕሮግራሜ ደብተር ተውሶ፣ አንብቦ ሲጨርስ ሙሉውን እንደገና ገልብጦ የሚመልስ ተማሪ ሆነ። አንዲት ስልክ ቁጥር ለማየት የከፈተ ሰው ሲዘጋ ስልሳ ምናምኑም ቦታ እንደ አዲስ ይጻፋል። ዳታቤዙ ከጭነቱ ብዛት ሲንፏቀቅ ሆስፒታሉን ትልቅ ማሽን አስገዛነው። ጥፋታችን ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም አላወራውም።

ሐሙስ ዕለት ከሆስፒታሉ ደብዳቤ መጣ። ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ሐኪማቸው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ካርዳቸው ላይ ጽፏል። ረቡዕ ጠዋት ነርሷ ስትከፍተው ቦታው ባዶ ነው። መርፌውን ወጋቻቸው። ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ በስንት ርብርብ ነው የተረፉት። ሆስፒታሉ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጽሑፉን ማን አጠፋው?

እዚህ ላይ ደግሞ የምኮራበት ነገር ነበረኝ። ፕሮግራሜ በጻፈ ቁጥር ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደጻፈ ይመዘግባል። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አንድ፣ ሐኪሙ፣ "ፔኒሲሊን"። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት፣ ካርድ ክፍል፣ ተጠቃሚ ቁጥር ሰባት፣ ባዶ። አተምኩት፣ ትክክለኛ መረጃ ነው ብዬ ፈረምኩበት፣ ማኅተም አስመታሁበት፣ ላክሁት። ቁጥር ሰባት ማን ነው ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። ታላቅ እህቴ እዚያው ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት መሥራቷ ጠፍቶኝ አይደለም። ክፍሉ አራት ሰው አለው፣ እህቴ ደግሞ በሥራዋ ቀልድ የማታውቅ ሰው ናት፤ በሐሳቤም ውል አላለችብኝም።

በማግስቱ ዓርብ ከሥራ ስወጣ ባሏ ደወለልኝ። ጋሼ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስልክ ላይ ወሬ ማስረዘም አይወድም። "እህትሽ እህል አልቀመሰችም" አለኝና ዘጋው።

ስደርስ እትዬ ሳሎን ቆማ የሥራ ጋዋኗን ትተኩሳለች። ከሥራ ታግዳለች፣ ጋዋን ትተኩሳለች። ቁጥር ሰባት እሷ ነበረች። ጠዋት ቢሮ ጠርተው ወረቀቱን አሳይተዋታል፤ እሷም "ሳላውቀው ሰርዤው ይሆናል" ብላ ፈርማ ሰጥታለች። ሰኞ ኮሚቴ ይቀመጣል። ጥፋቱ ሰው ሊገድል የነበረ ስለሆነ ማሰናበታቸው አይቀርም ብለው አስቀድመው ነግረዋታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እጅጌውን እየገለበጠች፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ ሆና ነው።

እኔ ክው አልኩ። ስደነግጥ ደግሞ እጮኻለሁ፣ ክፉ አመሌ ነው። ሰርዘሻል ወይ ብዬ ጮኽኩባት። አልሰረዝኩም አለች። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሐኪሞቹ ኮምፒውተሩ ከመጣ በኋላም የወረቀት ፎልደሩን አልተዉትም፤ በሁለቱም ላይ ነው የሚጽፉት። ማክሰኞ ዕለት ላቦራቶሪ የመምህሩን ፎልደር ፈለገ። እሷ የመደርደሪያውን ቁጥር ለማየት ካርዳቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተች፣ ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጻፈች፣ መሰላሉ ላይ ወጣች። ፎልደሩ ቦታው ላይ የለም፤ አንዱ ሌላ መደርደሪያ ላይ ወትፎት ኖሯል። ስትፈልግ፣ በመሀል መስኮቱ ላይ የተሰለፈውን ሰው ስታስተናግድ አርባ ደቂቃ አለፈ። አግኝታ ላከችው፣ ተመልሳ ካርዱን ዘጋችው። ፊደል አልነካሁም አለች። ሐኪሙም በዚያች ሰዓት ፎልደሩን በእጁ ስላላገኘ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ የጻፈው።

"ካልነካሽ ለምን ፈረምሽ?" አልኳት።

ካውያውን አቆመችው። "ከታች ያንቺ ፊርማ ነበረበት" አለችኝ። "እኔ እንደሆን መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ስፈልገው ነው የምውለው። አንቺ ቁጥር አትስቺም። ከራሴ ይልቅ አንቺን ባምን ምን ይገርማል?"

እናታችን ስትሞት እኔ አሥር፣ እሷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው፤ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ነገረኛ፣ እሷ ከመጀመሪያውም ታጋሽ። ማባዛት ያስጠናችኝ እሷ ናት። ቤቱ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሁለት ቁጥር እንዲጠራ ታስገድደውና እኔን ብዜታቸውን ትጠይቀኛለች፤ ስመልስ እንግዳውን በኩራት ታየዋለች። ያ ኩራት ነው ያስፈረማት። እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እሷ ደግሞ እኔን ማባበል ያዘች። የተበደለችው እሷ፣ የምትባበለው እኔ። ጉድ እኮ ነው።

ወደ ቤቴ ስሄድ፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ፣ ፊደል አልነካሁም ያለችው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ካልነካች ታዲያ ፕሮግራሙ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ምን ጻፈ? መልሱ የመጣልኝ ከመውረዴ በፊት ነው፤ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ። የጻፈው የያዘውን ቅጂ ነው። ቅጂው ደግሞ ሐኪሙ ፔኒሲሊኑን ከመጻፉ በፊት፣ ገና ቦታው ባዶ ሳለ የተነበበ ነው። እትዬ መሰላል ላይ ሆና ሐኪሙ ጻፈ፤ እሷ ወርዳ ስትዘጋ ፕሮግራሜ አሮጌውን ባዶ በአዲሱ ላይ ደረበበት። የተነካ ነገር አለ ወይ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ የለም ይባላል፣ ሳይጽፍ ይዘጋል፣ መምህሩም ያንን መርፌ አይወጉም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ቆጠርኩ። በዚያ ማክሰኞ ብቻ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ጊዜ ካርድ ተጽፏል። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ የተቀየረ ነገር የነበራቸው ዘጠኝ መቶ አይሞሉም። የቀረው ሁሉ ከንቱ ጽሕፈት ነው።

አለቃዬን ጠራሁት። ነገሩ ሲገባው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ ብዙም አልተከራከረኝም። ቶሎ እናስተካክለው አለ። ለኮሚቴው ግን ምንም አንበል አለ፤ ይሄ ከወጣ ውሉ ይፈርሳል፣ አሥራ አራት ቤተሰብ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ለእህትሽ ለማንኛውም ሌላ ሥራ እኔው ራሴ አፈላልግላታለሁ አለ። ዝም አይነቅዝም ሲል ተረተብኝ። ዝም ባይነቅዝም ሰው ይነቅዛል አልኩት። እሷ ስሟን ነው የምታጣው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበትን ስም፣ እሱን ከየት አፈላልገህ ታመጣላታለህ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ትቼው ወጣሁ። በንዴት "አንተ" ልለው ምንም አልቀረኝም፣ በሕይወቴ ከእርስዎ ሌላ ብዬው አላውቅም።

ቅዳሜንና እሑድን ተቀምጬ ስልሳ ምናምኑን ምልክት አንድ በአንድ አስገባሁ። ሦስት ዓመት የሸሸሁት ሥራ ሁለት ቀን ነው የፈጀው። እሑድ ከሰዓት በኋላ የተስተካከለውን የሆስፒታሉ ማሽን ላይ ጫንኩ። ከዚያ ወዲያ ካርድ ከፍቶ ያየ ሰው አይቶ ብቻ ይወጣል።

ሰኞ ጠዋት ሳልጠራ ኮሚቴው ፊት ሄጄ ቆምኩ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፣ አለቃዬ ነው፣ አጠፋሁት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የእህቴ ፊርማ ያለበት ወረቀት፣ ከጎኑ የእኔ ፊርማ ያለበት ወረቀት። ሰብሳቢዋ የሆስፒታሉ ሜትሮን፣ የነርሶች ሁሉ ኃላፊ ናቸው፣ ነርሶች ከሩቅ ኮቴያቸውን ሲሰሙ ወንበር የሚያስተካክሉላቸው ሴትዮ። ሐኪሙም አለ። እትዬ ጥግ ላይ የተተኮሰ ጋዋኗን ለብሳ ተቀምጣለች።

ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፣ የሠራሁትም እኔ ነኝ ብዬ ጀመርኩ። እትዬ ቀሚሴን ከኋላ ጎተተችኝ። ተይ፣ ሥራሽን ታጫለሽ አለችኝ በሹክሹክታ፣ ሹክሹክታዋ ደግሞ ለሁሉም ይሰማል። ሜትሮኗ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። እህትማማቾች መሆናችሁን እናውቃለን አሉ። ሐሙስ ትክክለኛ ነው ብለሽ ፈርመሽ የላክሽው ወረቀት ሰኞ እህትሽ ስትገኝበት ውሸት ሆነ ወይ አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የምለው ያንኑ ነው። ላስረዳ ብዬ ስለ ቅጂ፣ ስለ ዳታቤዝ ጀመርኩ፤ ፊታቸው ላይ በር ሲዘጋ አየሁት።

ያኔ ነው የመጣልኝ። ሜትሮኗ በየጠዋቱ የተኙ ታካሚዎችን ካርድ እየከፈቱ እንደሚያዩ እትዬ ነግራኝ ታውቃለች። ካርድ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የጻፉት መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እኔ ማየት እንጂ መጻፍ ሥራዬ አይደለም" አሉ። "ዓመታት አልፈውታል።"

እንግዲያው እዚሁ ፊትዎ ካለው ከራስዎ ኮምፒውተር ላይ የዚያን ማክሰኞ መዝገብ ይክፈቱና በስምዎ ይፈልጉ አልኳቸው። በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። የኮምፒውተሩ ማያ ላይ የወጣውን እንደገና አነበቡት፣ ከዚያ ወደ ሐኪሙ አዞሩለት። በዚያን ቀን ሜትሮኗ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ላይ ጽፈዋል ይላል። ሐኪሙ የራሱን ፈለገ። ሃያ ያህል ሰው እንዳከመ ያስታውሳል፤ መዝገቡ መቶ ሦስት ይላል። እህቴን ያስወነጀላት ወረቀት ትክክል ከሆነ ሜትሮኗም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ቀይረዋል ማለት ነው። ይህን አፌን ሞልቼ አልተናገርኩትም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ደረሱበት። ሐኪሙ ቀስ ብሎ የራሱ ጽሑፍ እንዴት እንደተደረበበት ጠየቀኝ። አሁን ስለ ቅጂው ስናገር ሰሙኝ።

ሜትሮኗ የእትዬን ወረቀት አንስተው ሁለት ቦታ ቀደዱት። ተነሥተው ሄዱና እጇን ይዘው ይቅርታ ጠየቋት፣ ዛሬውኑ ሥራዎ ላይ ይግቡ አሏት። ሐኪሙም ትከሻዋን ነካ ነካ አደረገ። እኔን ማንም ያየኝ አልነበረም፣ ያም መልካም ነው። አለቃዬ በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ መጻፍ ይወዳል። ውሉ ግን አልፈረሰም።

እትዬ እነሱ የሚሏትን የምትሰማ አትመስልም ነበር። እጇን ሜትሮኗ እንደያዙላት ወደ እኔ ዞረች።

"ሌሎቹስ?" አለችኝ።

የትኞቹ አልኳት።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲከፍትና ሲዘጋ ከነበረ የተደረበበት የመምህሩ ካርድ ብቻ ነው? ሌሎቹስ ካርዶች?"

ከዓርብ ጀምሮ ስለ አንድ ካርድ ብቻ ነው ሳስብ የነበረው፣ የእህቴን ስም ስላስያዘው ካርድ። ምልክቶቹን ሳስገባ፣ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶውን ስቆጥር ይህ ጥያቄ አንዴም አልመጣልኝም። ከሥራ ልትባረር ጫፍ የደረሰችው ሴትዮ ናት ያሰበችው። ሐኪሙ ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም ወይ አለ። የሦስት ወሩን ይቻላል አልኩት። ከዚያ በፊት ያለውን አጥፍተነዋል፤ ሳያስፈልግ ስለምንጽፍ መዝገቡ ቶሎ ቶሎ እየሞላ ቦታ ጠፍቶ ነው የምናጠፋው።

የቀረው ወረቀቱ ነው። አርባ ሺህ ያህል ፎልደር፣ ሐኪሞቹ እልኽ ይዘው ያልተዉት። ፎልደሩን ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ሜትሮኗ ሰው እስኪመደብ ጠብቁ አሉ። እትዬ እስኪመደብ ለምን ቁጭ እንላለን ብላ ከዚያው ወደ ካርድ ክፍል ወረደች፣ እኔም ተከተልኳት።

መሰላሉን ከመጀመሪያው መደርደሪያ ሥር አስጠጋች። እኔ ወንበሯ ላይ፣ ቁጥር ሰባት ሆኜ ተቀመጥኩ። እሷ ከላይ ስምና አለርጂውን ታነባለች፣ እኔ ማያው ላይ አይቼ "አለ" እላለሁ። አለ። አለ። አለርጂ የለበትም፣ እሺ። አለ። መስኮቱ ላይ የተሰለፉት ሰዎች ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቁ፤ እትዬ ስሕተት እያረምን ነው፣ ታገሡን አለቻቸው፣ የማን ስሕተት እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ወገቤ መታመም ጀምሯል፣ ሠላሳ ምናምነኛው ላይ ነን።

"ሰልፋ የሚባለው መድኃኒት አይስማማትም፣ ባለፈው ዓመት የተጻፈ ነው" አለች ከላይ።

ድገሚልኝ አልኳት። ደግማ አነበበችልኝ። ቦታው ባዶ ነበር።

ዕድሜዋ ስንት ነው አልኳት።

"ስድስት" አለች እትዬ።

ጻፍኩት፣ በትክክል መግባቱን ሁለቴ አየሁ፣ ቀጣዩን አልኳት።